የእጅ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ቂጡን ፈተው ድንጋዩን ይዩ

ጎንደር ላይ መብራት በጠፋ ማታም ሆነ ለጥምቀት ሌሊቱን ፋሲል መዋኛ ሲያድሩ፣ የእጅ ባትሪው እንዲመች ወይም እንዲያስቸግር የሚያደርገው በአብዛኛው የድንጋዮቹ አደራደር ነው። ስለዚህ አራዳ ወይም ቅዳሜ ገበያ ሲመርጡ ክፈቱልኝ ይበሉ።

ሁለት ዳብል ኤ (AA) ድንጋዮች በቁመት ከተከታተሉ ድንጋዮቹ ብቻ 10 ሳንቲ ሜትር ይወስዳሉ። ቀጭን ነው፣ ለጨበጣ ይመቻል፤ ኪስ ከገባ ግን ቁጭ ሲሉ ጭን ይወጋል። ጎን ለጎን ሲሆኑ ርዝመቱ በግማሽ ያጥርና ወርዱ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ጠፍጣፋ ስለሚሆን አይንከባለልም።

ብዙ ጣጣ ያለው ሶስት ትሪፕል ኤ (AAA) ድንጋይ በፕላስቲክ ማቀፊያ የሚይዘው ነው። አጭርና ወፍራም ነው፤ ትንሽ እጅ አይጨብጠውም። ሶስቱ በተከታታይ ተያይዘው 4.5 ቮልት ስለሚሰጡ አንዱ መገናኛ ከላላ ወይም ከዛገ ሁሉም ይጠፋል። ሲብለጨለጭ በጥፊ መምታቱን ትተው፦ ጫፎቹን በላጲስ ይጥረጉ፣ የላላውን ስፕሪንግ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ሳብ ያድርጉ፣ ጠፍጣፋውን ጫፍ ወደ ስፕሪንጉ ይመልሱ። አዲስና አሮጌ አይቀላቅሉ፤ ደካማው ቀድሞ ያልቅና ፈሳሽ ያፈሳል። የአልካላይን ድንጋይ ነጭ ቅርፊት በኮምጣጤ በነከሩት ጥጥ ይለቃል።

18650 የሚባለው ቻርጅ የሚደረግ የሊትየም ድንጋይ አንዱ 18 በ65 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማቀፊያ አይፈልግም። የእጅ ባትሪውን ሚዛን ለማየት መሃሉን አንድ ጣት ላይ ያስቀምጡ፤ ወደ ጭንቅላቱ ካዘነበለ የእጅ አንጓ ያደክማል።