ለጀማሪ የፒክስል ሥዕል አስተያየት ሲሰጥ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ የሌሎችን የመጀመሪያ የፒክስል ሥዕል፣ ማለትም በስክሪን ላይ ነጥብ በነጥብ የሚሠራ ሥዕል፣ አይተው አስተያየት ለሚሰጡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ፓሌት፣ ሌየርና ፒኤንጂ ምን እንደሆኑ አንባቢው ያውቃል ብዬ ስለማምን ስለ እነሱ አላብራራም። አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶችን ሳስተምር ያየኋቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አብዛኞቹ በ32 በ32 ፒክስል የተሠሩ ጀበናዎች፣ ሲኒዎች፣ መሶቦችና አንበሶች ናቸው፤ ስህተቶቹም ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው ይደጋገማሉ። ከተማሪው ስህተት ይልቅ የሚያሳስበኝ የአስተያየት ሰጪው ስህተት ነው። ምልክቱን አይቶ መንስኤውን ሳይለይ የሚናገር ሰው ጀማሪው ያልተበላሸውን ነገር እንዲያፈርስ ያደርገዋል።

ሥዕሉ ደብዝዞ፣ ጠርዙ ቀልጦ ሲመጣ

መንስኤው በአብዛኛው ከተማሪው እጅ ሳይሆን ከፋይሉ ጉዞ ነው። ሥዕሉ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ በንጹሑ ጠርዝ ዙሪያም ተማሪው ያልቀባቸው የቀለም ብናኞች ይታያሉ። ሁለተኛው መንስኤ ሥዕሉን ሲያጎሉ ፕሮግራሙ ፒክስሎቹን እያለሰለሰ ማስፋቱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ማጉያው ሙሉ ቁጥር አለመሆኑ ነው፤ 32 ፒክስል የነበረው ወርድ ወደ 100 ሲለጠጥ 28ቱ ዓምዶች እያንዳንዳቸው 3 ፒክስል፣ የቀሩት 4ቱ ደግሞ 4 ፒክስል ስለሚሆኑ እኩል የነበረው ሥዕል ተጣሞ ይታያል።

መፍትሄው ዋናውን ፋይል ሳይጎላ በፒኤንጂ፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክ መጠየቅ ነው። ማጉላት ካስፈለገ 4 እጥፍ ወይም 8 እጥፍ ይሁን፤ የማጉያው ዘዴም ፒክስሎቹን ሳያለሰልስ የሚያሰፋው፣ «ኒረስት ኔበር» የሚባለው ይሁን። የስክሪንሾት ፎቶ ላይ ተመሥርቶ ስለ ጠርዝ አንድም ቃል መናገር አይገባም። ይህን የምለው ስለበደልሁ ነው፤ አንዲት ተማሪ የላከችልኝን አይቼ «ጠርዙን አጥሪው» ስላት ሦስት ጊዜ ከባዶ ሠርታ መጣች። በአራተኛው ቀን በራሷ ላፕቶፕ ላይ ሳየው ግን የመጀመሪያው ሥዕሏ ጠርዝ እንከን አልነበረበትም።

ቀለሙ ከቁጥር በላይ ሲሆን

32 በ32 ማለት በጠቅላላው 1024 ፒክስል ነው፤ በዚህ ስፋት ላይ ከመቶ በላይ ቀለም ያለበት ሲኒ ሲቀርብ መንስኤው ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው፣ ተማሪው ጠርዝ በሚያለሰልስ ብሩሽ ሠርቷል። ለአጠቃላይ ሥዕል የተዘጋጁ ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች ማለስለሱን ከመጀመሪያው አብርተው ስለሚመጡ ጀማሪው ምንም ሳያጠፋ ሥራው ይበላሽበታል፤ ይህ እጅግ ያናድደኛል። ባለ 1 ፒክስል እርሳስ ያስይዙት፤ ፒስክልን ወይም ሊብረስፕራይትን የመሰለ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ነጻ ፕሮግራም ያሳዩት፤ ከ8 ቀለም እንዳይበልጥም ይወስኑለት። ገደቡ ቅጣት እንዳይመስለው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ የተባለው በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ 160 በ144 ፒክስል በሆነ ስክሪን ላይ ከብሩህ እስከ ጨለማ በአራት የቀለም ደረጃ ብቻ ዓለሙን ሁሉ ያሳይ እንደነበር ይንገሩት።

ሁለተኛው መንስኤ ፎቶ አሳንሶ ማቅረብ ነው። ብቻቸውን የተበተኑ ፒክስሎች በየቦታው ከታዩ ይህን መጠርጠር ይቻላል። በሰው ፊት መክሰስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ብዙ ጀማሪዎች ነውር መሆኑን እንኳ አያውቁም። «ከባዶ ወረቀት ላይ ጥላ ምስሉን ብቻ በአንድ ቀለም ሥራልኝ» ማለት በቂ ነው።

ጥላው ጠርዙን ተከትሎ ሲዞር

ከሁሉም ይልቅ የሚደጋገመው ይህ ነው። በመሃል ብሩህ ቦታ አለ፤ ከዚያ ወደ ዳር በሄድን ቁጥር ቀለሙ እየጠቆረ፣ ቀለበት በቀለበት ሆኖ የቅርጹን ጠርዝ ይከተላል። ነገሩ ጀበና ይሁን አንበሳ በጥጥ የተሞላ ትራስ ይመስላል፤ በሙያው ውስጥም ስሙን ያገኘው «ፒሎው ሼዲንግ» ተብሎ ከዚሁ ነው። ጀበና ሆዱ ክብ በመሆኑ ለዚህ ስህተት ከሁሉም በላይ ይመቻል።

መንስኤው ተማሪው ጥላ መሥራት አለመቻሉ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አለመወሰኑ ነው። መጀመሪያ ዙሪያውን በጥቁር መስመር ያጥራል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይሞላል፤ ጥላ ደግሞ ዳር ላይ እንደሚገኝ ስለሚያስብ ከአጥሩ ጀምሮ እያቀለለ ወደ መሃል ይገባል። በዚህ አሠራር ሥዕሉን የሚመራው ብርሃን መሆኑ ይቀርና የአጥሩ መስመር ይሆናል። በዚህ ላይ የጠርዙን መስመር በብርሃን መንካት ያስፈራዋል፤ የሠራው ቅርጽ የሚፈርስበት ይመስለዋልና።

ለዚህ የሚሰጡት የተለመዱ አስተያየቶች ችግሩን ያባብሳሉ። አንድ ልጅ አራት ቀለበት ያለው ጀበና ይዞ መጣ፤ አጠገቤ የነበረ ረዳት «ጥላህን አሻሽለው» አለው፤ በማግሥቱ ሰባት ቀለበት ሠርቶ አመጣ። ልጁ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል፤ ትእዛዙ ግን መንስኤውን አልነካም። ሌላ ጊዜ እኔ ራሴ «ብርሃኑን ሁልጊዜ ከላይ ከግራ አድርጉ» ብዬ ለክፍሉ ሁሉ ደንብ ሰጠሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የቀረቡት ሥዕሎች ሁሉ ከላይ በግራ በኩል አንድ ነጭ ነጥብ ነበራቸው፤ ቀለበቶቹ ግን ከነጥቡ በታች እንደነበሩ ቀርተዋል። ደንቡ የሚገለበጥ ምልክት ሆነ እንጂ የሚያስብ ዓይን አላበጀም።

የሚሠራው መፍትሄ ከጥያቄ ይጀምራል፦ «ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?» ከጠየቁ በኋላ ዝም ብለው ይጠብቁ፤ መልሱን እርስዎ አይስጡት። አንዲት ተማሪ ለዚህ ጥያቄ «ከሥሩ ነው፤ ከሰል ላይ ተጥዷል» ብላ መለሰችልኝ። የሆዱን ታችኛ ክፍል በቀይና በብርቱካናማ አብርታ፣ አንገቱንና እጀታውን በጨለማ ትታ የሠራችው ጀበና እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ ይበልጣል። ደንቤን ጠብቃ ቢሆን ኖሮ ያንን ሥዕል አናየውም ነበር።

መልሱ ካልመጣ እውነተኛ ጀበና መስኮት አጠገብ ያስቀምጡ፤ መስኮት ከሌለ መብራቱን አጥፍተው የስልክ ባትሪ ከአንድ ወገን ያብሩበት። ተማሪው መጀመሪያ የሚያየው ብርሃኑ የሆዱን መሃል ትቶ ወደ አንድ ጎን መሄዱን፣ በዚያም ጎን እስከ ጠርዙ ድረስ መድረሱን ነው። ቀጥሎ አንገቱ በትከሻው ላይ የሚጥለውን ጥላ ያያል፤ ይህን ጥላ ከአእምሮው የሠራ ጀማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። ከዚያ የሸክላው ባሕርይ ይመጣል፦ ጀበና ጥቁር ስለሆነ አብዛኛው አካሉ ከጨለማው ቀለም አይወጣም፤ አገልግሎት ያለሰለሰው ገጽታው ግን በጠባብ ቦታ ላይ በደንብ ያበራል።

ካየ በኋላ በሁለት ቀለም ብቻ ይሥራ፤ አንዱ ብርሃን ለነካው፣ አንዱ ላልነካው። የሁለቱ ድንበር ከውጪው መስመር ጋር ጎን ለጎን እየሄደ ከሆነ ትራሱ ተመልሷል ማለት ነው፤ ድንበሩ ሆዱን አቋርጦ ማለፍ አለበት። ይህ ሳይስተካከል ሦስተኛ ቀለም አይፈቀድለት፤ ችግሩ ወዲያው ይሸፈናልና። ሦስተኛው ቀለም ሲገባም በሁለቱ መካከል በእኩል ስፋት እንደ ጥብጣብ እንዳይዘረጋ ይጠበቅ፤ አንድ ቦታ ሰፍቶ ሌላ ቦታ መጥፋት አለበት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማስጠነቅቀው በተማሪው ፋይል ላይ አለመሣልን ነው። በሁለት ደቂቃ አስተካክሎ ማሳየት ለአስተማሪው ቀላል ነው፤ ተማሪው ግን ሥዕሉን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው የእርስዎን ጀበና ነው። ማሳየት ግድ ከሆነ በሌላ ፋይል ላይ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ብርቱካን፣ ይሣሉ። በመጀመሪያው ቀንም «ፒሎው ሼዲንግ» የሚለውን ስም አይጥቀሱ፤ ስሙን የሰማ ጀማሪ ስሙን መሸሽ ይማራል፤ ብርሃኑን ግን አሁንም አይፈልግም።

መስመሩ እንደ መጋዝ ሲሆን

የጎበጠው መስመር በየት በኩል እንደሚሰናከል በዓይን ከመፈለግ በየደረጃው፣ ማለትም በእያንዳንዱ ቀጥ ያለ የመስመሩ ቁራጭ፣ ያሉትን ፒክስሎች መቁጠር ይሻላል። 5፣ 3፣ 2፣ 1፣ 1 እያለ የሚወርድ ጉብጠት ይፈስሳል፤ 4፣ 1፣ 3፣ 1 የሚል ግን ይሰበራል። ተማሪው ቁጥሮቹን ራሱ ይጻፋቸው፤ አንድ ፒክስል ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው በማዛወር አብዛኛው ይስተካከላል። የተሰበረውን መስመር በመካከለኛ ቀለሞች ለማለስለስ መሞከር ቁስልን ሳያጥቡ ማሰር ነው።

ምን እንደሆነ የማይለይ ሥዕል

ሁሉንም በአንድ ቀለም ይሙላው፤ በጥላ ምስሉ ጀበናው ጀበና ካልመሰለ ዝርዝሩ አያድነውም። እጀታውን ከሆዱ አርቆ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ፒክስል ክፍት መተው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ንድፍ ሠሪዋ ሱዛን ኬር እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር በ32 በ32 ፍርግርግ ላይ በጥቁርና በነጭ ብቻ የሠራቻቸው ምልክቶች እስከ ዛሬ የሚነበቡት ቅርጻቸው ስለሚናገር ነው። የቪዲዮ ጨዋታው ጀግና የማሪዮ ጢምና ቆብም በጥቂት ፒክስሎች አፍንና ፀጉርን ማሳየት አስቸጋሪ ስለነበረ የተገኙ መፍትሄዎች ናቸው፤ ጀማሪዎች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይከፈታል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አንዱ ክፍል በትልልቅ፣ ሌላው በትንንሽ ፒክስል ከታየ ተማሪው የሥዕሉን ክፍል ለብቻው አጉልቶታል፤ ያ ክፍል እንደገና ይሣል። ቀለሙ ቢጫ ቢጫ የሚል ከሆነ በመጀመሪያ የስልኩ የማታ ብርሃን ማጣሪያ ይጥፋ። ዳራው ድንገት ጥቁር ከሆነ መመልከቻው ምንም ያልተቀባውን (ግልጹን) ዳራ እንዲያ አሳይቶት ይሆናል፤ ሥዕሉ አልተበላሸም።

ከአስተያየቱ በኋላ ተማሪው ሲጠፋ

ይህም ምልክት ነው፤ መንስኤውም ብዙ ጊዜ እኛው ነን። ዘጠኝ ስህተት በአንድ ጊዜ የተነገረው ጀማሪ ከየትኛው እንደሚጀምር አያውቅም፤ «አሪፍ ነው» ብቻ የተባለው ደግሞ የሚሠራው ነገር አላገኘም። አንድ የተሳካ ቦታ በስሙ ጠርተው ለምን እንደተሳካ ይንገሩት፤ ለምሳሌ «የአንገቱ መስመር የሚፈስሰው ደረጃዎቹ በቅደም ተከተል ስላነሱ ነው»። ከዚያ አንድ ስህተት ብቻ ይምረጡ፤ የፋይሉን ችግር ካስወገዱ በኋላ ቅርጹ ከብርሃኑ፣ ብርሃኑ ከቀለሙ ይቀድማል፤ ነጠላ ፒክስሎችን ማጽዳት የመጨረሻ ነው። ሁለተኛው ሥራ ሲመጣ የመጀመሪያውን አጠገቡ ከፍተው በዋናው መጠናቸው ያስተያዩአቸው። ስለዚህ ተማሪው በአሮጌው ፋይል ላይ ደርቦ እንዳያስቀምጥ፣ እያንዳንዱንም ሙከራ በተራ ቁጥር ሰይሞ እንዲያኖር ከመጀመሪያው ቀን ይነገረው።