ከሀዋሳ ስትበሩ በረራ ቢዘገይ ወይም ሻንጣ ቢጠፋ ካሳ እንዴት ይጠየቃል?

መብታችሁን ማስከበር የምትጀምሩት ትኬት ስትቆርጡ ነው። ከሀዋሳ በአውሮፕላን ተነስቶ ውጭ የሚሄድ ሰው ቦሌ ላይ ይቀይራል። ስለዚህ ሀዋሳ፣ አዲስ አበባ፣ ፍራንክፈርት በአንድ ትኬት ይሁንላችሁ። የሀዋሳውን ለብቻ፣ የውጩን ለብቻ ከቆረጣችሁና የሀዋሳው ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጣችሁ፣ ኪሳራው የእናንተ ነው የሚሆነው። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን መድረሻችሁ ድረስ የማድረስ ግዴታው የአየር መንገዱ ነው። ትንሽ ብር ለማትረፍ ብላችሁ አትለያዩት።

ስለ አውሮፓ ኅብረት የበረራ መዘግየት ካሳ ሕግ ብዙ ወገን አያውቅም፣ ያሳዝነኛል። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ከተነሳችሁ አየር መንገዱ የማንም ይሁን ሕጉ ይሠራል፣ የኢትዮጵያም ቢሆን። ከአዲስ አበባ ወደዚያ ስትሄዱ ግን የሚሠራው የሚያበርራችሁ የአውሮፓ አየር መንገድ ከሆነ ብቻ ነው። ከፍራንክፈርት በአንድ ትኬት ስትመለሱ መዘግየቱ የሚለካው ሀዋሳ በደረሳችሁበት ሰዓት ነው። 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ ካሳው 600 ዩሮ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ከሆነ በግማሽ ሊቀንሱት ይችላሉ። የአየር ጠባይ ወይም የጸጥታ ችግር ከካሳው ነጻ ያወጣቸዋል። "አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ነው" የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያወጣቸውም። ምግብና ሆቴል ደግሞ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ይገባችኋል፣ ይሉኝታ ይዟችሁ ወንበር ላይ አትደሩ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለሌላው ዓለም አቀፍ ጉዞ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት አለ፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። እዚህ የተቆረጠ ካሳ የለም። የሚከፈላችሁ በመዘግየቱ የደረሰባችሁን ጉዳት ስታስረዱ ነው። ስለዚህ የበላችሁበትን፣ ያደራችሁበትን፣ የታክሲውን ደረሰኝ ሁሉ ያዙ፤ ቦርዲንግ ፓሱንና የሻንጣውን ታግም እቤት ስትገቡ አትጣሉ።

ሻንጣ ካልመጣ ወይም ተሰብሮ ከመጣ፣ ከአዳራሹ ሳትወጡ የጠፋ ሻንጣ ቢሮ ሄዳችሁ አስመዝግቡና ቁጥር ያለው ወረቀት ተቀበሉ። ይሄ ወረቀት ከሌለ ነገሩ ይከብዳል። ከዚያ በጽሑፍ አመልክቱ። ለተጎዳ ሻንጣ ከተረከባችሁ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ለመጣ በ21 ቀን ውስጥ ነው። መድረስ ከነበረበት ቀን 21 ቀን ካለፈ እንደጠፋ ይቆጠራል። በሞንትሪያል ስምምነት የሻንጣ ካሳው ጣሪያ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የአይኤምኤፍ የሒሳብ መለኪያ ሲሆን፣ ይሄ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ፍርድ ቤት ለመሄድ 2 ዓመት አላችሁ።

በረራው ሲዘገይ ወይም ሲሰረዝ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡን በሉ። ማመልከቻውንም በኢሜይል ላኩ፣ በቃል የተነገረ ነገር ማስረጃ አይሆናችሁም። በገንዘብ ፋንታ ቫውቸር ቢያቀርቡላችሁ ደግሞ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ በአውሮፓው ሕግ ቫውቸር ገንዘቡን የሚተካው እናንተ ፈርማችሁ ከተስማማችሁ ብቻ ነው።