የሽማግሌ ወረቀት ብቻውን ፍቺ አይደለም

ደሴ ላይ ሽማግሌ የሚናቅ አይደለም፤ የስንቱ ባልና ሚስት ጠብ በእነርሱ ፊት በርዷል። መለያየት ከተቆረጠ ግን ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን ፍቺ እንዳልሆነ እወቁ። ሰማንያ መቅደድም ጋብቻ አያፈርስም። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። አንዲት የሆጤ ጎረቤቴ ያንን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከልጆቿ የክትባት ካርድ ጋር ሳጥን ውስጥ አኑራ፣ የተፈታች መስሏት ዓመታት ኖረች። በሕግ ፊት አሁንም ሚስት መሆኗን የሰማችው ቤቱ ሊሸጥ ሲል ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ በስምምነት የምትለያዩ ከሆነ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ በፍርድ ቤት አስጸድቁት። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ቀለቡ በወር ስንት ብር እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደሚከፈል ይጻፍ። «እንደ አቅሙ ይረዳል» የሚል ቃል ልጅ አያበላም።

በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ የቤቱ ካርታ በአንዳችሁ ስም ቢሆን እንኳ፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር እንደ ጋራ ይቆጠራል። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዳችሁ የመጣ ግን የግል ነው፤ ማስረጃውን አትጣሉ።

በኒካሕ የተጋባችሁ ደግሞ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳያችሁን የሚያየው ሁለታችሁም ስትፈቅዱ ብቻ ነው፤ መሠረቱም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ነው። ካልፈቀዳችሁ ገና ከመጀመሪያው ተናገሩ።

ውሳኔው ሲሰጥ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ተቀብላችሁ ፍቺውን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ።