ለሁለት የሚሆን የፊልም ሙዚቃ ምሽት በሆሊውድ ቦውል፦ እንዴት እንደሚዘጋጅ

ሲኒማ ቤት ውስጥ ሙዚቃው ከንግግሩና ከፍንዳታው ሥር ይቀበራል። ኮንሰርት ላይ ግን ሌላ ነገር የለም። ሙሉ ኦርኬስትራ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ እሱኑ ይጫወትላችኋል። ስለዚህ ከታች የምነግራችሁ ሁሉ፣ ስለ መኪናም ሆነ ስለ ምግብ፣ ጆሯችሁ ሥራውን በሰላም እንዲሠራ ነው።

ሎስ አንጀለስ ለምትኖሩ ወይም በበጋ ለምትመጡ ጥንዶች ከሆሊውድ ቦውል የተሻለ ቦታ አላውቅም። በ1922 የተከፈተ፣ ኮረብታ ተደግፎ የተሠራ ጣሪያ የሌለው አዳራሽ ነው። ወደ 17,500 ሰው ይይዛል። የከተማው ትልቅ ኦርኬስትራ፣ የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ፣ በጋውን የሚያሳልፈው እዚህ ነው። የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊሊያምስም ለብዙ ዓመታት የራሱን የፊልም ሙዚቃዎች እዚህ መድረክ ላይ ቆሞ መርቷል።

መጀመሪያ፣ የኮንሰርቱን ዓይነት ለዩ

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ከተለያዩ ፊልሞች የተመረጡ ሙዚቃዎች ተራ በተራ የሚቀርቡበት ነው። ሌላው ፊልሙ ከነንግግሩ በትልቅ ስክሪን እየታየ፣ ሙዚቃውን ብቻ ኦርኬስትራው በቀጥታ የሚጫወትበት ነው። በዚህኛው መሪው ከፊቱ ባለች ትንሽ ስክሪን ላይ የሚታየውን ምልክት እየተከተለ ሙዚቃውን ከምስሉ ጋር ያገጥማል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የመጀመሪያውን ምረጡ እላለሁ። ፊልም ካለ ዓይን ጆሮን ያሸንፋል፤ ትንሽ ቆይታችሁ ኦርኬስትራው መኖሩን ትረሳላችሁ። የለም፣ ሁለታችንም የምንወደው ፊልም ነው ካላችሁ ደግሞ የስም ዝርዝሩ ሲወርድ አትነሱ። ሙዚቃው ገና አላለቀም።

ትኬት

ከፊት ያሉት ትንሽ ጠረጴዛ ያላቸው ቦታዎች ውድ ናቸው። ከኋላ ያለው የእንጨት አግዳሚ በጣም ይረክሳል። ድምፁ በስፒከር ስለሚመጣ፣ ተጫዋቾቹም በስክሪን ስለሚታዩ መሃል አካባቢ ይበቃል። ብራችሁን ለእራት አቆዩት።

ቀድማችሁ ስሙ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ከኮንሰርቱ በፊት ባሉት ቀናት፣ በፕሮግራሙ ላይ ካሉት ሁለት ሦስቱን ያለ ምስል አብራችሁ አዳምጡ። በ1975 የወጣው የሻርኩ ፊልም የ«ጆውስ» ሙዚቃ ካለ፣ ፍርሃቱ በሙሉ የተሠራው ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ወፍራም ድምፆች መሆኑን ታስተውላላችሁ። ማታ ያ ድምፅ ሲጀምር ወፍራም ድምፅ ያላቸውን ትልልቅ ባለ ክር መሣሪያዎች፣ ቼሎዎቹንና ኮንትራባሶቹን፣ ተመልከቱ። ከ1993ቱ «ሺንድለርስ ሊስት» ከቀረበ ደግሞ ዜማውን የሚሸከመው አንድ ቫዮሊን ነው። ለፊልሙ የተጫወተው ኢትዛክ ፐርልማን ነበር።

ከዚያ መሣሪያ ተከፋፈሉ። እሷ ኦቦውን፣ ቀጭኑን የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ፣ ትከተል፤ እሱ ሆርኑን፣ የተጠቀለለውን የናስ መለከት። በመልስ መንገድ የምታወሩት አታጡም።

መንገዱና እራቱ

ኮንሰርቱ ብዙ ጊዜ በአሜሪካ አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት ይጀምራል። እናንተ ግን ቀደም ብላችሁ ድረሱ። መኪና ባትወስዱ ይሻላል። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪኖች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ፣ የፊተኛው ካልወጣ እናንተም አትወጡም። በከተማው ባቡር፣ በሜትሮ ቢ መስመር፣ ሆሊውድ/ሃይላንድ ጣቢያ ወርዳችሁ ዳገቱን በእግር ውጡት። ወይም ከከተማው የተለያዩ ቦታዎች የሚነሳውን የቦውሉን አውቶቡስ ያዙ።

ምግብ ይዞ መግባት የቦታው ወግ ነው። በፌርፋክስ መንገድ፣ ከ2002 ጀምሮ በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» በሚባለው ሰፈር በኩል እለፉ። ወጥ ግን ይቅርባችሁ፤ በጨለማ፣ በጠባብ አግዳሚ ላይ ልብስ ያበላሻል። ሳምቡሳ፣ ደረቅ ጥብስና ዳቦ ይበቃል። የቦውሉ ወቅት ፍልሰታን ስለሚነካ ለጾመኛ የምስር ሳምቡሳ ያዙ። የራሳችሁን ወይን መውሰድ የሚፈቀደው ፊልሃርሞኒኩ ራሱ ባዘጋጃቸው ምሽቶች ነው። ትኬቱ ላይ አዘጋጁ ማን እንደሆነ እዩ።

ጋቢ አትርሱ። ቀኑ ቢያቃጥልም ፀሐይ ስትጠልቅ ኮረብታው ይቀዘቅዛል። አንድ ጋቢ ለሁለት ይበቃል፤ ከስራችሁ የምታደርጉት ትራስ ነገር ጨምሩ፣ እንጨቱ ይጎረብጣል።

ሲጀመር

ኦቦው አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ሌሎቹ በዚያ ይቃኛሉ። ስልክ የሚጠፋው ያኔ ነው። ለማጨብጨብ መሪው እጁን እስኪያወርድ ጠብቁ። የዊሊያምስ ምሽት ከሆነና የ«ስታር ዋርስ» ማርሽ ከመጣ፣ ሕዝቡ እንደ ፊልሙ የሚያበራ የአሻንጉሊት ሰይፉን እያነሳ ከሙዚቃው ጋር ያወዛውዛል። ደስ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

የመጨረሻው ጭብጨባ የመጨረሻ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ይጫወታሉ፤ ወደ በሩ አትሩጡ። ሁሉም ሲያበቃ በሜትሮ የምትሄዱ ሕዝቡ እስኪቀል ተቀመጡ። በአውቶቡስ የመጣችሁ ግን በቀጥታ ሂዱ፤ አውቶቡሱ ብዙ አይጠብቅም።