ከኤርሚታዥ ባሻገር፦ የሴንት ፒተርስበርግን ብዙም የማይታወቁ ቦታዎች ስትፈልጉ አትሳሳቱ

ከአገር ቤትም ሆነ ከአውሮፓ የሚመጡ ዘመዶችንና ወዳጆችን ከተማ ማሳየት እዚህ ለምንኖር ሐበሾች የማይቀር ነገር ነው። ትልቁን ሙዚየም ኤርሚታዥንና የፒተርሆፍን ፏፏቴዎች ማንም ሰው ያለ እኛ ያገኛቸዋል። ችግሩ የሚጀምረው «ቱሪስት የማይሄድበትን አሳየኝ» ሲባል ነው። ያን ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ጊዜና ገንዘብ ይባክናል፤ አንዳንዴም የሰው ቅሬታ ይተርፋል። ከዚህ በታች የጠቀስኳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመዝጊያ ቀን ሳያጣሩ መውጣት

የዚህ ከተማ ሙዚየሞች በአንድ ቀን አይዘጉም። ኤርሚታዥና ኩንስትካሜራ ሰኞ፣ የሩሲያ ሙዚየምና በሞይካ ወንዝ ዳር ያለው የገጣሚው የፑሽኪን መኖሪያ ቤት ደግሞ ማክሰኞ ይዘጋሉ። እንግዶች ብዙ ጊዜ የማያውቁት ሌላ ነገር አለ፦ አብዛኞቹ ሙዚየሞች በወር አንድ ቀን ለጽዳት ይዘጋሉ። ኩንስትካሜራ የወሩን የመጨረሻ ማክሰኞ፣ የፑሽኪን ቤት የመጨረሻውን ዓርብ ለዚህ ይይዛሉ። የትኬት መስኮቱም ከሙዚየሙ ቀድሞ ነው የሚዘጋው። የሙዚየሙን የራሱን ገጽ በዋዜማው መመልከት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ልጆች ይዘው በበረዶ መጥተው የተዘጋ በር ፊት የቆሙ ወላጆችን አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል።

የፑሽኪንን ሐውልት ፎቶ አንስቶ «የእኛን ሰው አየሁ» ብሎ መመለስ

ይህን ትንሽ ልዘርዝረው፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ኢትዮጵያዊ እንግዳ ሁሉ ስለ ፑሽኪን ይጠይቃል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ በስሙ አደባባይ አለን። ነገር ግን አብዛኛው ሰው በሩሲያ ሙዚየም ፊት ካለው ሐውልት ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሳና ጉዳዩን ይዘጋል። ከአፍሪካ የመጣው ፑሽኪን አይደለም። የመጣው የእናቱ አያት አብራም ፔትሮቪች ሃኒባል ነው፤ እርሱ የኖረበትና ያረፈበት ቦታ ደግሞ ከከተማው በስተደቡብ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሱይዳ በሚባል መንደር ውስጥ አለ። ከባልቲስኪ ባቡር ጣቢያ ወደ ሉጋ የሚሄደው የከተማ ዳርቻ ባቡር (እዚህ «ኤሌክትሪችካ» ይሉታል) ጋትቺናን አልፎ እዚያ ያደርሳችኋል።

ሰውየው ማን እንደነበረ አስቡ። ገና ሕፃን ሳለ ከቁስጥንጥንያ ለቀዳማዊ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት መጣ። በ1705 ቪልኒየስ ውስጥ ሲጠመቅ ክርስትና ያነሳው ንጉሡ ራሱ ነበር። ፈረንሳይ ተልኮ የምሽግ ምሕንድስና ተማረ፤ ቆይቶም በሩሲያ ጦር ውስጥ እስከ ጄኔራልነት ማዕረግ ደረሰ፤ በባሕር ኃይሉ ከተማ በክሮንሽታት ግንባታ ላይም ሠርቷል። የሱይዳን ርስት ገዝቶ እርጅናውን እዚያ አሳለፈ፤ በ1781ም እዚያው አረፈ። የፑሽኪን ወላጆች በ1796 የተጋቡት በዚያው መንደር ቤተ ክርስቲያን ነው። ለፑሽኪን ተረት እየነገረች ያሳደገችው ሞግዚቱ አሪና ሮዲዮኖቭና የዚሁ አካባቢ ሰው ነበረች፤ ከሱይዳ ብዙም ሳይርቅ ኮብሪኖ ውስጥ በስሟ የተጠበቀ የእንጨት ቤት አለ። ይህ ሁሉ ለግማሽ ቀን ጉዞ ያህል ቀርቦ ሳለ በሐውልት ሥር ፎቶ ብቻ መመለስ ያስቆጫል።

ሱይዳ ስትደርሱ ቤተ መንግሥት አትጠብቁ። የሚቆያችሁ አነስተኛ ሙዚየም፣ ያረጀ መናፈሻ፣ ኩሬና የመቃብር ስፍራ ነው። ጊዜ ሰጥቶ በእግሩ ለሚዞር ሰው ግን ከአንድ የኤርሚታዥ አዳራሽ የበለጠ ይናገራል።

ሌላው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስህተት ሙዚየሙ ውስጥ ከሠራተኞቹ ጋር «ኢትዮጵያዊ ነው፤ አለቀ» ብሎ መሟገት ነው። ሃኒባል ራሱ በ1742 ባቀረበው አቤቱታ የጻፈው አፍሪካ ውስጥ ሎጎን በምትባል ከተማ መወለዱን ነው። የአማቹ ጽሑፍ ሐበሻ ያደርገዋል፤ አኑቺን የተባለው ሩሲያዊ ምሁር በ1899 ሎጎንን ከመረብ ወዲያ ማዶ አስቀመጠው፤ በ1990ዎቹ ደግሞ የቤኒን ተወላጁ ኛማንኩ ቦታው ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ በዛሬዋ ካሜሩን ያለው ሎጎን ነው ሲል ተከራከረ። እኔ የምወደው ወደ እኛ ቢያደላ ነው፤ ነገር ግን ክርክሩ አልተዘጋም፤ ሙዚየሙን ዕድሜያቸውን ሰጥተው የሚጠብቁትን ሴቶች በጩኸት መርታት ለማንም አይጠቅምም። ይልቅ ጠይቋቸው፤ ከአፍሪካ ቀንድ እንደመጣችሁ ሲያውቁ በትኬቱ ላይ ያልተጻፈውን ሁሉ ያሳዩአችኋል።

የባቡሩን ሰዓት ግን የመመለሻውን ጭምር አስቀድማችሁ ያዙ። በቀን መካከል ለረጅም ሰዓት ባቡር የማይኖርበት ክፍተት ሊያጋጥም ይችላል።

ኩንስትካሜራ ገብቶ ጠርሙሶቹን ብቻ ማየት

ኩንስትካሜራ በ1714 የተመሠረተ የሩሲያ የመጀመሪያው ሙዚየም ነው። ሰዉ የሚጋፋው ቀዳማዊ ጴጥሮስ ወደሰበሰባቸው፣ በጠርሙስ ውስጥ ወደተቀመጡት የሰውነት አካላት ነው። ቤቱ ግን በዋነኛነት የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ነው፤ ኢትዮጵያም እዚህ ሰፊ ድርሻ አላት። ገጣሚው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ በ1913 ይኸው ሙዚየም ልኮት በጅቡቲ በኩል ወደ ድሬዳዋና ሐረር ሄዶ ነበር። የሰበሰባቸው ዕቃዎችና በጉዞው የተነሡት ፎቶግራፎች ዛሬም የዚህ ቤት ንብረት ናቸው። ሐረር ላይ የዚያን ጊዜውን አስተዳዳሪ ደጃዝማች ተፈሪን፣ የኋላውን ንጉሠ ነገሥት፣ አግኝቷቸዋል። ሁሉም ዕቃ ሁልጊዜ ለዕይታ አይቀርብም፤ ስለዚህ ወደ አፍሪካው አዳራሽ ቀድማችሁ ግቡ፤ ወደ ጠርሙሶቹ በኋላ ውጡ። ልጆች ካሏችሁማ ጠርሙሶቹ ቢቀሩም አይጎዳም።

እዚያው በኔቫ ዳር ጥቂት እንደተራመዳችሁ የዩኒቨርሲቲው የምሥራቅ ጥናት ፋኩልቲ አለ። በዚህ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ትምህርት ሆኖ ተሰጥቷል፤ ዩሽማኖቭ የተባለው የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅም በ1936 ስለ አማርኛ አወቃቀር መጽሐፍ አሳትሟል። ከውጭ ማየት ብቻ ይበቃል፤ ያለ ፈቃድ አያስገባም።

ስለ ብራና መጻሕፍትም ይኸው ነው። ከተማዋ ውስጥ የግዕዝ ብራናዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ የምሥራቅ ጽሑፎች ተቋም ከኤርሚታዥ አጠገብ በኔቫ ዳር ባለው ኖቮ-ሚካኢሎቭስኪ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን የተመራማሪ ቤት እንጂ ሙዚየም አይደለም። አንድ ዲያቆን ወንድማችን ብራና ለመሳለም ጓጉቶ መጥቶ ከዘበኛው ወዲያ ማለፍ አልቻለም። ማየት የሚፈልግ ከአገሩ ሳይነሳ ማን እንደሆነና ለምን እንደሚፈልግ ጽፎ ይጠይቅ።

በቤተ ክርስቲያን የእኛን ሥርዓት መጠበቅ፣ የእነርሱን መርሳት

ለኦርቶዶክስ እንግዶች ሁልጊዜ የማሳያቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ በቫሲሌቭስኪ ደሴት በስሞሌንስኮዬ መቃብር ውስጥ ያለው የቅድስት ክሴኒያ ትንሽ ጸሎት ቤት ነው። ክሴኒያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባሏ በድንገት ሲሞትባት ያላትን ሁሉ ለድሆች ሰጥታ፣ የእርሱን ልብስ ለብሳ፣ ስለ ክርስቶስ ብላ እንደ እብድ እየተቆጠረች በጎዳና የኖረች እናት ናት። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በ1988 ከቅዱሳን ቆጠረቻት። ሰዉ ግድግዳውን በግንባሩ ነክቶ ይጸልያል፤ ልመናውን በወረቀት ጽፎ ይተዋል። ሁለተኛው የክሮንሽታቱ አባ ዮሐንስ ያረፉበት በካርፖቭካ ወንዝ ዳር ያለው የሴቶች ገዳም ነው።

እህቶቼ ነጠላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እዚህም የሴት ራስ ይሸፈናል። ጫማ ግን አይወለቅም። የእኛ ሰዎች በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ጫማ ሲፈቱ ምዕመናኑ መግቢያ አጥተው ይቆማሉ፤ ልማዳችን መሆኑን ስነግራቸው በአክብሮት ነው የሚያዩት፤ ቢሆንም በረዶ ባቀለጠው ውኃ ላይ በካልሲ መቆም በሽታ ያመጣል። ከዚህ የሚበልጠው የቁርባን ጉዳይ ነው። የሩሲያና የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቁርባን አንድ አይደሉም። መጸለይ፣ ጧፍ ማብራት፣ ሥዕል መሳለም ይቻላል፤ ወደ ጽዋው ግን አትቅረቡ። ካህኑ ማንነታችሁን ሲጠይቅ እናንተም እርሱም ትቸገራላችሁ።

የሰው ግቢ እንደ ሙዚየም መቁጠር

የድሮ ሕንፃዎቹ ውስጣዊ ግቢዎች፣ የእብነ በረድ ደረጃዎችና ባለቀለም መስታወቶች ያምራሉ። ግን ሰዎች የሚኖሩባቸው ቤቶች ናቸው። ነዋሪ በሩን ሲከፍት ተከትሎ ሾልኮ መግባት፣ በሌሊት ደረጃ ላይ ተሰብስቦ ማውራት፣ ሕፃናት ሲጫወቱ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። የተከፈተ ግቢ ካገኛችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እዩና ውጡ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለማውጣት ገንዘብ የሚጠይቁ ወጣቶች ከተገኙ ደግሞ እምቢ በሉ፤ ጣሪያው ያንሸራትታል፣ ሥራውም ሕጋዊ አይደለም።

ሜትሮውን ማጓጓዣ ብቻ አድርጎ ማለፍ

ከበረዶ መሸሸጊያ የሚሆን፣ በአንድ ጉዞ ዋጋ የሚታይ ሙዚየም ቢኖር በ1955 የተከፈተው ቀዩ መስመር ነው። አቭቶቮ ጣቢያ ላይ ውረዱ፦ ከ46ቱ ዓምዶች 16ቱ በመስታወት የተለበጡ ናቸው፤ ቀሪዎቹ ግንባታው ስለተቻኮለ በእብነ በረድ ተሸፈኑ። ፑሽኪንስካያ ላይ ደግሞ በአዳራሹ ጫፍ የገጣሚው ሐውልት ተቀምጧል፤ ከላይ ሲወጡ የሚገኘው የ1904ቱ ቪቴብስኪ ባቡር ጣቢያ ነው። በ1837 የሩሲያ የመጀመሪያው የሕዝብ ባቡር ወደ ጻርስኮዬ ሴሎ የተነሳው ከዚህ ስፍራ ነበር።

ክሮንሽታትን በጀልባ ብቻ ይደረሳል ብሎ መተው

ደሴት ላይ ብትሆንም በግድቡ ላይ መንገድ አለ፤ አውቶቡስም ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል። የባሕር ኃይል ከተማ ስለሆነች ካሜራችሁን ወደ 1913ቱ ካቴድራል እንጂ ወደ ጦር መርከቦቹ አታዙሩ።

ሩቅ ለሩቅ ያሉትን በአንድ ቀን ማጨቅ

ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው በእግር ሩቅ ነው። ኩንስትካሜራንና የቅድስት ክሴኒያን ጸሎት ቤት በአንድ ቀን ያዙ፤ ሁለቱም በቫሲሌቭስኪ ደሴት ናቸው። ሰማያዊ ጉልላት ያለውን መስጊድ፣ የካርፖቭካውን ገዳምና በ1714 የተጀመረውን የዕፅዋት ማዕከል በሌላ ቀን። ሱይዳ ብቻዋን አንድ ቀን ይገባታል።

ፒስካርዮቭስኮዬ መቃብርም እንዲሁ። በሁለት ጉብኝቶች መካከል «አንድ አፍታ ገብተን እንውጣ» የሚባልበት ቦታ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ በተከበበችባቸው 872 ቀናት ካለቁት ውስጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በጅምላ መቃብሮቹ ውስጥ አሉ። በ1941 መጨረሻ ላይ ሕፃናትና ሥራ የሌላቸው ሰዎች በቀን ይደርሳቸው የነበረው 125 ግራም ዳቦ ነው። እዚህ የምታገኙት አረጋዊ ሁሉ ማለት ይቻላል ከቤተሰቡ አንድ ሰው እዚያ አለው። አበባ ይዛችሁ ሂዱ፤ የአበባው ቁጥር ግን ሙሉ ይሁን፤ እዚህ ለሙት የሚሰጠው ሁለት ወይም አራት እየተባለ ነው። በመቃብሮቹ ላይ ተቀምጦ ፎቶ መነሳት ፈጽሞ አይገባም።

በካርድና በስልክ ብቻ መተማመን

ከሩሲያ ውጭ የተሰጡ ቪዛና ማስተርካርድ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ አይሠሩም። ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ኑና ባንክ ውስጥ መንዝሩ። የሞባይል ኢንተርኔትም አንዳንዴ ስለሚቋረጥ ካርታውንና የባቡር ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ፓስፖርት ከእጃችሁ አይለይ፤ ከሞስኮ የሚመጣው ፈጣን ባቡር ያለ እርሱ አያሳፍርም።

እዚህ ሙቀት በሚሆንባቸው ወራት ደግሞ የኔቫ ድልድዮች ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ ንጋት ድረስ ለመርከብ ይከፈታሉ። ማደሪያችሁ ከወንዙ ማዶ ከሆነ የዚያን ሌሊት የድልድዮቹን ሰሌዳ አይታችሁ፣ ሜትሮው እኩለ ሌሊት አካባቢ ሳይዘጋ ተሻገሩ።