ሱስን መደበቅ የጥብቅና ፈቃድን አያድንም፦ ጠበቆች ከመጠጥ ሊላቀቁ ሲሞክሩ የሚሠሯቸው ስህተቶች

በአሜሪካ 12,825 ጠበቆች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአምስቱ አንዱ (20.6 በመቶ) ለጉዳት በሚያጋልጥ ሁኔታ እንደሚጠጣ አሳይቷል። በሙያው የመጀመሪያ አሥር ዓመታት ላይ ያሉት ደግሞ ብሶባቸው ተገኝቷል። እርዳታ እንዳይሹ ከያዛቸው ነገር ዋነኛው «ሰው እንዳይሰማብኝ» የሚለው ስጋት ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ፍርሃት የሚወለዱ ናቸው።

መደወልን ራስን እንደ መክሰስ መቁጠር

በየክፍለ ግዛቱ የጠበቆች ድጋፍ ፕሮግራም አለ። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዋሺንግተን ዲሲ የጠበቆች ማኅበሩ ፕሮግራም ነፃና ምስጢራዊ ነው፤ ለዳኞችና ለሕግ ተማሪዎችም ክፍት ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሞዴል ሥነ ምግባር ደንብ 8.3 የባልደረባን ከባድ ጥፋት ማሳወቅን ግዴታ ያደርጋል፤ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ውስጥ የተሰማውን ግን ከግዴታው ያወጣል። በዲሲፕሊን ትእዛዝ ለገባ ሰው ነገሩ ይለያል፦ የሽንት ምርመራ ውጤቱ ሳይቀር ላዘዘው አካል ሊላክ ይችላል። ስለዚህ አቤቱታ ሳይቀርብ መደወል ይሻላል። ስም ከመናገር በፊት «ከእናንተ ዘንድ ምን መረጃ፣ ለማን ይወጣል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዓርብ ማታ አቁሞ ሰኞ ችሎት ለመቆም ማሰብ

ከሁሉም በላይ የሚያሰጋን ይህ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ አልኮል አፍኖት የኖረው የነርቭ ሥርዓት ከልክ በላይ ይነሳሳል። መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ እስከ 48ኛው ሰዓት ሊከሰት ይችላል። ትኩሳትና ቅዠት ያለበት፣ ሊገድል የሚችለው ደረጃ የሚመጣው በአብዛኛው ከ48 እስከ 96 ሰዓት ውስጥ ነው። ዓርብ ማታ ላቆመ ሰው ይህ ከእሑድ ማታ እስከ ማክሰኞ ማታ ነው፤ የሰኞው ችሎት መሃሉ ላይ ይወድቃል። እንደ ዛናክስና ቫሊየም ያሉ ማስታገሻዎችም በድንገት ሲቋረጡ ተመሳሳይ አደጋ አላቸው። ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ከዚህ ቀደም ሲያቆም ያንፈራገጠው ሰው በሐኪም ክትትል ብቻ ያቁም።

መድኃኒትን እንደ ድክመት ማየት

ናልትሬክሶን (በተለምዶ በቀን 50 ሚሊ ግራም) እና አካምፕሮሴት የመጠጥ አምሮትን ለማብረድ ይታዘዛሉ። ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ) የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ግን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይናገር፤ ናልትሬክሶን ከመጀመሩ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ከማስታገሻው መራቅ ያስፈልገዋል።

መዝገብን ያለ ጠባቂ ትቶ ሕክምና መግባት

የይግባኝ ቀን የታመመን አይጠብቅም። ከመግባት በፊት የየመዝገቡን ቀጠሮ፣ የይርጋ ጊዜና ያልተመለሱ ደብዳቤዎች በአንድ ዝርዝር ጽፎ፣ በደንበኛው ፈቃድ ለተተኪ ጠበቃ ማስረከብ ይገባል። ሕመሙ ሥራውን በእጅጉ የሚያውክ ከሆነ ከላይ የተጠቀሰው የማኅበሩ ሞዴል ደንብ፣ በቁጥር 1.16፣ ከጉዳዩ መውጣትን ያስገድዳል። ለሕክምና ወጪ ብሎ ከደንበኞች የአደራ ሂሳብ «መበደር»፣ ለመመለስ ታስቦም ቢሆን፣ ፈቃድ ከሚያስነጥቁ ጥፋቶች ግንባር ቀደሙ ነው። በአሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ (FMLA) መሠረት፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት 12 ወር የሠራና በዚያው ዓመት 1,250 ሰዓት የሞላ ሠራተኛ ለሕክምናው እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ የመውሰድ መብት አለው። ጠጥቶ ከሥራ መቅረት ግን በዚህ ሕግ አይሸፈንም።

ለባልደረባ መሸፈን

ያለፈ ቀጠሮ በዝምታ ሲስተካከልለት፣ ሰውየው ሕክምና የሚገባበት ቀን ይርቃል። ጥፋቱን እያወቀ ሊያርመው ሲችል ዝም ያለ የበላይ ጠበቃም በደንብ 5.1 ራሱ ይጠየቃል።

በሙሉ ጭነት መመለስ

ከሕክምና በወጡ ማግሥት የቆየውን መዝገብ ሁሉ መረከብ እንቅልፍ ያሳጣል፤ የእንቅልፍ እጦት ደግሞ አምሮቱን ይቀሰቅሳል። በጥቂት መዝገብ ይጀመር፤ የድጋፍ ስብሰባው ሰዓት እንደ ችሎት ቀጠሮ በካላንደር ላይ ይያዝ። ካገረሸም በዚያው ቀን ለሐኪሙ ወይም ለፕሮግራሙ መደወል ነው፤ ከቀጣዩ ክርክር በኋላ አይባልም።