ከጥያቄው በፊት፦ አንብቦ መረዳትንና ቃላትን በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምር?

ብዙ የንባብ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ያልፋል። ተማሪዎች ምንባቡን በየተራ ያነባሉ። ከስር ያሉትን ጥያቄዎች ይመልሳሉ። መምህሩ ያርማል፣ ደወሉ ይደወላል። ይሄ መፈተን እንጂ ማስተማር አይደለም። ያልገባው ልጅ እንዴት እንደሚገባው ማንም አላሳየውም። ዋናው ሥራ ያለው ከጥያቄዎቹ በፊት ነው።

1. ቃላት ምረጡ

ምንባቡን ቀድማችሁ አንብቡና አምስት ወይም ስድስት ቃል ብቻ ያዙ። ተመራማሪዋ ኢዛቤል ቤክና ባልደረቦቿ ቃላትን በሦስት ደረጃ ይከፍላሉ። እንደ «ውሃ» ያሉትን ልጆቹ ያውቋቸዋል። እንደ «ፎቶሲንተሲስ» ያሉት በየትምህርታቸው ይመጣሉ። ጊዜያችሁን ለመካከለኞቹ ስጡ፤ «አመነታ»፣ «ተጽዕኖ»፣ «ወሳኝ» የመሳሰሉት በየትኛውም ትምህርት ይገኛሉ።

2. ፍቺ አታስገልብጡ

«አመነታ ማለት ወላወለ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን ልጁ «ወላወለ»ንም ባያውቅስ? በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፤ «ሰው ላድርግ አላድርግ እያለ መወሰን ሲያቅተው አመነታ እንላለን።» ቀጥሎ ምሳሌ፦ «መልሱን እያወቀች እጇን ለማውጣት አመነታች።» ከዚያ ጠይቁ፦ «ጥያቄው ሳያልቅ ዘሎ የተነሳ ልጅስ አመንትቷል? ለምን?» ቃሉ የሚገባቸው የማይሆንበትን ቦታ ሲለዩ ነው። በመጨረሻ ራሳቸው ያመነቱበትን ጊዜ ይናገሩ።

አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት አለው፤ ቃላቱ ቤተሰብ አላቸው። «ወሰነ»ን ሰሌዳ ላይ ጻፉና ዘመዶቹን አስፈልጉ፤ ውሳኔ፣ ወሳኝ፣ ውስን፣ ወሰን። የድንበሩ «ወሰን» ከ«ውሳኔ» ጋር ምን እንደሚያገናኘው ይከራከሩ። እኔ ከማንኛውም የቃላት መልመጃ ይህን እመርጣለሁ።

አንድ ጊዜ የተነገረ ቃል ቶሎ ይረሳል። ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ በማግስቱም በሳምንቱም መልሳችሁ አንሱት።

3. ስለ ጉዳዩ አምስት ደቂቃ አውሩ

በ1988 (እ.ኤ.አ.) ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ ሰጡ። በንባብ ደካማ የተባሉት፣ ግን ጨዋታውን የሚያውቁት ልጆች ጨዋታውን ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች የተሻለ ተረዱት። ስለዚህ «አልገባኝም» የሚል ልጅ ችግሩ ማንበብ ላይሆን ይችላል። ስለ ጉዳዩ የሚያውቁትን ጠይቁ፣ የጎደለውን ሙሉላቸው።

4. ሐሳባችሁን ጮክ ብላችሁ አሰሙ

የአንባቢ ሥራ አይታይም፤ የሚካሄደው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እናንተ አሳዩአቸው። ለምሳሌ፦ «ሰማዩን አየት አድርጋ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።» እዚህ ቆም በሉ። «ዝናብ የሚል ቃል የለም። ደመና አይታ ይሆናል። ግን ጃንጥላ ለፀሐይም ይያዛል፤ እስቲ ልቀጥል።» ቀጣዩ፦ «ስትመለስ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል።» «አሃ! ዝናብ ነበር።» ልጆቹ እንዲህ ሲሰሙ መገመት፣ ግምትን መጠርጠርና ማረም የንባብ አካል እንደሆነ ያያሉ።

5. ሥራውን ለእነሱ ልቀቁ

አን ማሪ ፓሊንክሳርና አን ብራውን በ1984 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ዘዴ አራት ተግባር አለው፤ መገመት፣ መጠየቅ፣ ያልገባን ማብራራትና ማሳጠር። አራት አራት አድርጋችሁ ሥራውን አከፋፍሏቸው፣ በየአንቀጹ ይቀያየሩ። መጀመሪያ ግን አራቱንም ደጋግማችሁ ሠርታችሁ አሳዩ። ሳያዩ ከተለቀቁ ወሬ ብቻ ይሆናል።

6. አሁን ጠይቁ

መልሱ ትክክልም ይሁን ስህተት «ከየት አወቅሽ?» በሉ። ልጅቷ ጣቷን ዓረፍተ ነገሩ ላይ አድርጋ ታሳያችሁ። ስህተት ከሆነም ሐሳቧ የቱ ጋ እንደታጠፈ እዚያው ታዩታላችሁ፤ የነገው ትምህርታችሁም ከዚያ መስመር ይጀምራል።